ስድስተኛው ጆይስቲክ

ኢናያት ኡላህ አምስተኛ ጆይስቲክ ሊገዛ ሲወጣ ሚስቱ ሸሚም መንገዱን አልባረከችለትም።

«የሞይን አባት፣ በአንተ ዕድሜ ያለ ሰው ስለ ሐጅ ነው የሚያስበው። አንተ የጌም ዱላ ስትለቅም ልትሞት ነው?» አለችው ከጓዳ።

«ለሐጅ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ቤቱን አስተካክሎ ነው የሚሄደው» አላት ጫማውን እያጠለቀ። መልሱ ለራሱም አልጣመውም። ሞተር ብስክሌቱን ሦስት ጊዜ ረግጦ አስነሣና ወደ ኤሌክትሮኒክስ ገበያው፣ ወደ ሆል ሮድ ወረደ። መሪው ላይ በፌስታል የተንጠለጠሉት ያልተፈለጉት አራተኛዎቹ ጥንድ ጆይስቲኮች በየጉድጓዱ እየተንኳኩ ያላግጡበት ነበር።

ሰመናባድ ሰፈር ውስጥ ሠላሳን ያለፈ ወንድ ሆኖ ኢናያትን የማያውቅ የለም። ለአሥራ ስምንት ዓመት ጌም ቤት ነበረው። ቤቱ ስም እንኳ አልነበረውም፤ «ቻቻ ጋ»፣ አጎቴ ጋ እንደ ማለት፣ ይባል ነበር፣ በቃ። ከቁርኣን ትምህርት የጠፋ፣ ከሒሳብ አስጠኚ የሸሸ፣ ናን ዳቦ ግዛ ተብሎ ተልኮ የውሃ ሽታ የሆነ ልጅ የሚገኘው እዚያ ነው። እናቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይመጣሉ፤ አባቶች መስጊድ ደጃፍ ላይ ይዘልፉታል። ኢናያት ግን ሰሚ ጆሮ አልነበረውም። ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ማሽኑ ውስጥ የሚከተተውን ቶክን ያድላል፣ ዓይኑ ሰልፉ ላይ ነው። ራሱ መጫወት አይችልም፤ አንድ ቀን እንኳ ሞክሮት አያውቅም። ኋላ ስልክ መጣና ልጆቹ ሁሉ ጌም ቤቱን በየኪሳቸው ይዘው መዞር ጀመሩ። ኢናያትም ማሽኖቹን ለቆራሌው በኪሎ ሸጠና ክፍሉን ለዶሮ ነጋዴ አከራየው።

ሰው ምን ይወድ እንደነበር የሚገባው ሥራ ከፈታ በኋላ ነው። ኢናያት የሚወደው ጫጫታውን ነበር። ልጁ ሞይን ሻርጃ ነው፣ በሳምንት አንዴ ይደውላል። የጥንቶቹ ልጆች አርባን ደፍነው መንገድ ላይ «ሰላም ቻቻ» ይሉና ያልፋሉ። ይህ አንገበገበው። በመጋቢት ወር ጎረቤቱን አናጺ ጠርቶ ከኮምፔንሳቶ የጌም ሣጥን አሠራ፤ ሁለት ሺህ ጌም ይዛለች የተባለች የመዳፍ ስፋት ያላት ቦርድ ገዛ፤ አሮጌ ስክሪን ገጠመና ሳሎን ውስጥ፣ የሸሚም የሠርግ ሳህኖች የተደረደሩበት ቁም ሣጥን ከነበረበት ቦታ አቆመው። ሳህኖቹ አልጋ ሥር ገቡ። ሸሚም ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

በመጀመሪያው እሑድ አሥራ አንድ ሰው መጣ። አሥራ አንድ ቦርጫምና ራሰ በራ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የመድኃኒት ሻጩ፣ የጎማ ነጋዴው፣ ሁሉም እንደ ድሮው እየተገፋፉ አንድ ሣጥን ላይ ተደፉ። ስድቡ፣ ሳቁ፣ «ተራዬ ነው!» የሚለው ጩኸት ከጣሪያው በላይ ሆነ። ኢናያት ዳር ላይ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ ደስ ያለው ልጁ የተወለደ ቀን ብቻ ነበር።

ከዚያ ቶቂር አፉን ከፈተ። ቶቂር ማለት የባንክ ሠራተኛው ነው፣ ከሰፈሩ ሁሉ አፉ የማያርፍ።

«ቻቻ፣ ሻዩ አንደኛ፣ ስክሪኑ አንደኛ። የግራው ጆይስቲክ ግን ልክ አይደለም።»

«ምኑ?»

«እንጃ። ልክ አይደለማ! ይሸሻል።»

ሌሎቹም ሞከሩት። የሚጫወቱት የድብድብ ጌም ነው፤ በቻቻ ቤት ሕግ ያሸነፈ በግራ ይቆማል፣ የሚገዳደረው በቀኝ ይገባል። ያን ቀን ግን በግራ የቆመ ሁሉ ተሸነፈ፤ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ በእሑዱ እየተሸነፈ መዋል አይወድም። በሁለተኛው እሑድ ሰባት፣ በሦስተኛው አምስት መጡ። ኢናያት ነገሩ ገባው፤ ጆይስቲኩ ካልተስተካከለ ሳሎኑ ወደ ዝምታው ይመለሳል። ደግሞ አንዴ ከቀሩ የሚመልሳቸው የለም።

እንግዲህ መከራው የተጀመረው ያኔ ነው። ከቦርዱ ጋር የመጣው ርካሽ ስለሆነ ነው ብሎ ጣለው። ሁለተኛ የጃፓኑን ገዛ፤ ራሱ ላይ ኳስ ያለው፣ በሁለት ጣት የሚዞር ለስላሳ። «ይሸሻል» አሉት። ሦስተኛ የኮሪያውን አመጣ፤ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አለው፣ ለቀቅ ሲያደርጉት ቀጥ ብሎ ይመለሳል። «ይሄማ ይማታል!» አሉት። አራተኛ የአሜሪካኑን፣ የሙቀጫ ዘነዘና የሚያክለውን፣ ሞላው ጠንካራ የሆነውን ተሸከመ። ቶቂር አንድ ዙር ተጫወተና ክርኑን እያሸ «ቻቻ፣ ይሄ ጆይስቲክ ነው ወይስ የውሃ ፓምፕ?» አለው። ከሁሉ የሚያቃጥለው ደግሞ የግራው ነገር ነው። ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ አንድ ፋብሪካ የሠራቸው ጥንድ ናቸው፤ የቀኙን ማንም አይከሰውም። ኢናያት በንዴት ካቻቪቴውን አንሥቶ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረ። ወዲያው «አሁንም የግራው ነው» አሉት። ያን ጊዜ ካቻቪቴውን ቢወረውረው የሻይ ብርጭቆ ሰበረ።

ሆል ሮድ ሲደርስ ሽማግሌን ሁሉ ሐጂ ሳሂብ የሚለው ሻጩ ሼይክ ዋሂድ ገና ከሩቅ አይቶት ሳቀ።

«መጡ ደግሞ ሐጂ ሳሂብ! ያሁኑስ ምን ሆነ፣ አሳከከዎት?»

«አትሳቅብኝ ዋሂድ። የሚሠራ ነገር ስጠኝ።»

«የሰጠሁዎት ሁሉ ይሠራል፤ የማይሠራው የእርስዎ ሰዎች እጅ ነው!» ሼይክ ዋሂድ አንዱን ጆይስቲክ ገለበጠና ከሥሩ ያሉትን አራት ስዊቾች አሳየው። «ይኸውልዎት፣ ዘንጉ ያዘነበለበትን ስዊች ይነካል፣ ሰውዬው ስክሪን ላይ ይሄዳል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ልዩነቱ ይቺ ከሥር ያለችው ቀዳዳ ናት። አራት ማዕዘን አለች፣ ክብ አለች። ይቺኛዋ ስምንት ማዕዘን ናት፣ ሁሉንም አቅጣጫ ለይታ ትይዛለች። ከዚህ በላይ ከፈለጉ ግን ጂብሪል ይዞልዎት ይውረድ።»

ስምንት ማዕዘኗን ገዛ። አሮጌዎቹን መልሼ አልቀበልም ያለውን ሼይክ ረግሞ፣ በሙቀቱ ላይ የመንገዱን ጭስ እየዋጠ ተመለሰ።

እሑድ ሦስት ሰው ብቻ መጣ፤ ቶቂር፣ የጎማ ነጋዴው ሸኪብ፣ ደግሞ ጉልፋም። ጉልፋም የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፣ ዝምተኛ ሰው። ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ ግን አንድም ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ሶፋው ጥግ ተቀምጦ ሻዩን ይዞ ያያል። ሰፈሩ ሁሉ «ሐውልቱ» ነው የሚለው፤ ቆጣሪ ሊያነብ በር ሲያንኳኳ ልጆች «እማዬ፣ ሐውልቱ መጣ!» ይላሉ።

ቶቂር በግራ ቆመ። አምስተኛውን ጆይስቲክ ጨበጠ፣ ወደ ታች ጫን አድርጎ መነጨቀው። ስክሪኑ ላይ ያለው ተደባዳቢ እንደ ፌንጣ ሁለቴ ዘለለና የሸኪብ ተደባዳቢ እግር ሥር ወደቀ። ሸኪብ ጨረሰው።

«ቻቻ፣ አይደለም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?» ኢናያት ከወንበሩ ተነሣ። «ጃፓን አይሆንም፣ ኮሪያ አይሆንም፣ አሜሪካ አይሆንም! እናንተ ምንድን ናችሁ፣ ሙሽራ እየመረጣችሁ ነው? ንገሩኝ፣ ምን ይጎድለዋል?»

«ብናውቅማ እንነግርዎት ነበር። የድሮው... እንዴት ልበልዎት፣ የድሮው ትንሽ ይለግማል። እኛ ጃትካ ስንሰጠው ነው የሚዘለው። ይሄ ገና ሳትነካው ይዘላል።» ጃትካ የሚሉት ያንን ዘንጉን ወደ ታች ተጭኖ ወደ ኋላ መመንጨቅ ነው፤ የሰመናባድ ልጆች በእሱ ከሌላው ሰፈር ይለዩ ነበር። ቶቂር ወደ ሶፋው ዞረ። «ሐውልቱ፣ እስቲ አንተ ሞክረው። አንተ እንደሆንክ አትዘልም፣ ችግር የለብህም!»

ሸኪብ በሳቅ ተንፈራፈረ። ጉልፋምም ፈገግ አለ፣ ፈገግታዋ ግን የተለመደችው፣ ነገር እንዲያልፍ የምትሰጠው ናት።

ሲወጡ ቶቂር ጫማውን እያሠረ፣ «በሚቀጥለው እሑድ አማቶቼ ጋ ነኝ ቻቻ» አለ። ሸኪብም ሱቅ እቃ ይገባል አለ። ኢናያት እንዲህ ያለ ሰበብ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ጉልፋም ብቻ ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ ለሸሚም አቀበለና «ቻቻ፣ እኔ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

ሸሚም ወለሉን እየጠረገች፣ «ዛሬስ ምን አሉ?» አለችው።

«ምን ይላሉ? የግራው ነው ይላሉ። ይለግም ነበር ይላሉ።»

ሸሚም መጥረጊያውን ተደግፋ ቆመች። «የግራው? ያኔ የመታጠቢያ ቤት ጫማዬን ተረከዝ ቆርጠህ የሸጎጥክበትስ የግራው አልነበረም? አዲስ ጫማ! አንድ ሳምንት አላደረግሁትም ነበር።»

ኢናያት ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሸሚም ስለ ጫማዋ ገና ብዙ ተናገረች፤ እሱ ግን አልሰማትም።

ነገሩ የሆነው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። በዚያ ዘመን ጉልፋምን የሚያሸንፍ አልነበረም። አንዲት ቶክን ከትቶ በግራ ይቆምና እስከ ከሰዓቱ የአስር ሶላት ድረስ አይነቃነቅም፤ ሰልፉ ደርቆ ይቀራል፣ ልጆቹ እየተነጫነጩ ይሄዳሉ። መሣሪያው ወደ ኋላ ዘሎ መሸሹ ነበር። ኢናያት አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሱቁን ሳይከፍት፣ የማሽኑን ክዳን ፈታና ጥፍር የምታህል የጫማ ጎማ ቆርጦ ከግራው ጆይስቲክ ሥር ሸጎጠ። ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ግራ ሲሄድ ስዊቹ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ሰልፉ እስኪንቀሳቀስ ነው፣ በማግስቱ አወጣዋለሁ አለ። አላወጣውም።

ጉልፋም እስከ እሑድ ብቅ አላለም፤ እሑድ የኢችራ ሰፈር ልጆች መጡ፣ ለግጥሚያ። አርባ ሰው እዚያች ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቆ ነበር። ለሰመናባድ የቆመው ጉልፋም ነው፣ በግራ። በመጨረሻው ዙር የኢችራው ልጅ ዘሎ ሲመጣበት የጉልፋም ተደባዳቢ ቀጥ ብሎ ቆመና ምቱን ተቀበለ። ኢችራዎች እየጨፈሩ ወጡ። ጉልፋም፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ «ገፍቼዋለሁ! ወላሂ ገፍቼዋለሁ፣ እምቢ አለኝ!» ብሎ ጮኸ። አርባውም ሰው ወደ ኢናያት ዞረ።

ኢናያትም ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ፣ «የእኔ ማሽን ምንም የለበትም። የእጅህን በማሽን አታሳብብ» አለ።

ሐውልት የሚለው ስም የወጣለት ያን ቀን ነው። ፈርቶ ደረቀ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ጉልፋም ጆይስቲክ አልነካም። ሌሎቹ ልጆች ግን መጫወታቸውን ቀጠሉ፤ የሚለግመውን ዘንግ እየመነጨቁ ማዝለል ተማሩ፣ ስምም አወጡለት፣ ኮሩበትም። ጎማው ማሽኑ ለቆራሌው እስኪሸጥ ድረስ እዚያው ነበር። ኢናያት ደግሞ፣ መርሳት ከተባለ፣ ረስቶት ነበር።

ያን ሳምንት እንቅልፍም ምግብም አልሆነለትም። ሼይክ ዋሂድን ረገመ፣ ሸሚምን ስላስታወሰችው ተቆጣት፣ የዶሮ ነጋዴውን ያለ ጥፋቱ ሰደበው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቢላዋውን አነሣ። የሸሚምን ጫማ መንካት አልደፈረም፤ የራሱን ነጠላ ጫማ፣ የግራውን፣ ከተረከዙ ጥግ ቆረጠለትና አምስተኛው ጆይስቲክ ሥር ሸጎጠው። ማን ያያል? ዝም ብዬ እከተዋለሁ፣ እነሱ ይደሰታሉ፣ ነገሩ እዚሁ ያልቃል አለ ለራሱ። ከዚያ ለሁሉም ደወለ። «ስድስተኛ አምጥቻለሁ። ይሄን ካልወደዳችሁት ሣጥኑን ለማገዶ እፈልጠዋለሁ።»

ማገዶውን ሊያዩ ይሁን ሊሰናበቱ፣ እሑድ ቶቂር፣ ሸኪብ፣ የመድኃኒት ሻጩና ወንድሙ መጡ፣ ጉልፋምም። ቶቂር የአማቶቹን ነገር ረስቶታል። በግራ ቆመና ጃትካ ሰጠው። ተደባዳቢው ወደ ኋላ ዘለለ፤ አንዴ ብቻ፣ ልክ በሚፈለገው ልክ።

«ያ አላህ!» ቶቂር ቀዘቀዘ። ደገመው። «ይሄ ነው! ቻቻ፣ ይሄ ነው! ኑ እዩት፣ ራሱ ነው!»

ተረባረቡበት። ሸኪብ ስልኩን አውጥቶ ለሌሎቹ «ቻቻ አግኝቶታል፣ አሁኑኑ ኑ!» እያለ ይጮሃል። ቶቂር አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈና ሸሚዙን ከላዩ አውልቆ በጭንቅላቱ ላይ አሽከረከረ። ኢናያት የፈለገው ጫጫታ ይኸው ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰማው፤ ጆሮው ገባ፣ ሆዱ ግን አልገባም።

«ከየት አገር ነው የመጣው ቻቻ?» አለ የመድኃኒት ሻጩ።

«ከ... ከጃፓን» አለ ኢናያት።

ያን ጊዜ ጉልፋም ብርጭቆውን አስቀመጠና ከሶፋው ተነሣ። «እስቲ» አለ። ቤቱ «ሐውልቱ ተንቀሳቀሰ!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ቶቂር እጁን ዘርግቶ እንደ ሚኒስትር ቦታውን ለቀቀለት፣ ራሱም በቀኝ ገባ።

ጉልፋም በሃያ ሁለት ዓመት ምንም አልረሳም። ጣቶቹ ገና እንደ ጀመሩ ቶቂርን ግድግዳ አስይዞት ነበር። ግን ጃትካን በእጁ አያውቅም፤ ጃትካ የተፈጠረችው እሱ ካቆመ በኋላ ነው። ቶቂር ሲዘልበት እንደ ድሮው በቀስታ፣ በንጽሕና፣ ወደ ላይና ወደ ግራ ገፋው። ተደባዳቢው ቀጥ ብሎ ቆመና ምቱን ተቀበለ።

«ሐውልት!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ። ቶቂር መሬት ላይ ተንከባለለ።

ጉልፋም እጁን ከጆይስቲኩ ላይ አነሣና መዳፉን ገልብጦ አየው፣ ሕመም እንዳለበት ሰው። «ገፍቼዋለሁ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ከኢናያት ሌላ የሰማው የለም።

ኢናያት ተነሣ። ካቻቪቴውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሣ፣ ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ሣጥኑ ጋ ደረሰ። «ቻቻ፣ ምነው? እየሠራ እኮ ነው! አይንኩት!» አለ ሸኪብ። ብሎኖቹን ፈታ። ክዳኑን ገለበጠ፣ ጣቱን ከዘንጉ ሥር አስገባ፣ ያቺን ሰማያዊ የጎማ ቁራጭ አወጣና ጉልፋም መዳፍ ላይ አስቀመጣት።

«ገፍተኸዋል» አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመ። «ገፍተኸዋል ልጄ። ያን ቀንም ገፍተኸው ነበር። እኔ ነበርኩ የሸጎጥኩት፣ ሰልፉ እንዲሄድልኝ። ስትጮህ አውቅ ነበር። አርባ ሰው ፊት እያወቅሁ ዋሸሁ።»

ቶቂር ከመሬት ተነሥቶ ሸሚዙን እየፈለገ የሚያይበት አጣ። ሸሚም በጓዳው በር ላይ ትሪ ይዛ ቆማለች።

«የማን ጫማ ነው?» አለ ጉልፋም ጎማዋን እያገላበጠ።

«ይቺ የእኔ ናት። የያኔዋ የሸሚም ነበረች።»

«ሠርጌ ላይ» አለ ጉልፋም፣ «አማቼ ሳይቀር ነበር ሐውልቱ ብሎ የጠራኝ።» ኢናያት ስድብ ጠበቀ፣ ጥፊም ቢሆን ይሻለው ነበር። ጉልፋም ጎማዋን በጡጫው ውስጥ ጨበጣት። «ያን ቀን አርባ ሰው ነበር ቻቻ። እዚህ የሰማነው አምስት ነን። በዚህ ሰዓት ሰው ሁሉ አደባባዩ ሻይ ቤት ነው ያለው።» ወደ በሩ ሄደና ከፈተው። «ጫማዎን ያድርጉ፣ እዚያም ይንገሯቸው።»

ኢናያት በር ላይ ካሉት ጫማዎች መካከል የራሱን በእግሩ ፈለገ። ሸሚም ትሪውን አስቀምጣ የደህናውን ጫማ ልታቀብለው ስትል እጁን አወዛወዘና ያንኑ ነጠላ ጫማ አጠለቀ። የቀትሩ ፀሐይ አስፋልቱን አግሎታል፤ በየእርምጃው የተቆረጠችው ጥግ ባለችበት ግራ ተረከዙን ለበለበው። ጉልፋም ከፊት ይሄዳል፣ ጡጫውን አልፈታም። ከኋላ አራቱ ሰዎች ይከተላሉ።

«ጉልፋም!» ብሎ ተጣራ ቶቂር፣ ሸሚዙን እየቆለፈ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነው። «ጉልፋም ወንድሜ፣ ቀስ በል እንጂ። ሽማግሌው እያነከሰ ነው።»

ጉልፋም ቆመና ጠበቃቸው።